ሰአዳ የሰፋችው ሰማያዊ ኮት

መርፌውን በሻማ ሰም አሽታ ወፍራሙን ሱፍ ትወጋዋለች። ሱፉ እምቢ ሲላት በአውራ ጣቷ ትገፋና ከወዲያ በኩል በጥርሷ ትስበዋለች። ቢጫዎቹ የነሐስ ቁልፎች ደረቱ ላይ ቁልቁል ተደርድረዋል። የግራውን እጅጌ ከቀኙ ትንሽ አሳጥራዋለች፤ ኮቱን የሚለብሰው ሀምዳን በልጅነቱ የተሰበረ ግራ ክንዱ በደንብ አልተጠገነም።

እዚህ አሜሪካ፣ ስካይላይን የሚባል ፎቅ ውስጥ የሰአዳ በር ለበር ጎረቤት ነኝ። ቀን ቀን እዚሁ አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ልብስ ማስተካከያ ሱቅ ትሠራለች። ሀምዳን የወንድሟ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት ገና ሕፃን ሳለ ከወሎ አስመጥታ አሳደገችው፤ «እማ» ነው የሚላት። አሁን ሥራ ይዞ ሀያትስቪል የሚባል ከተማ ይኖራል። የድሮ የአሜሪካ ጦርነቶችን የያኔውን ዘመን ልብስ ለብሰው ሜዳ ላይ በሚያሳዩ ሰዎች ማኅበር ውስጥ ገብቷል።

ሰአዳ የአሜሪካንን የሰሜንና የደቡብ ጦርነት የምታውቀው ለዜግነት ፈተና ካጠናችው ነው። ሰማያዊ የለበሱት ወታደሮች ባሪያ ነጻ አወጡ፤ በቃ።

«የፒተርስበርግን ውጊያ ነው የምንሠራው» አላት ሀምዳን። «ጥቁሮቹ ወታደሮች የተዋጉበትን። ኮቱን አንቺ ብትሰፊልኝ ደስ ይለኛል፣ እማ።»

«ኧረ በደስታ! ነጻ ላወጣ ወታደር ነው የምሰፋው» አለች። ስትሰፋም አንዳንዴ ሳቅ ሳቅ ይላት ነበር።

የትርኢቱ ቀን «እንዳትደክሚ፣ ፀሐይ ነው፣ ቪዲዮውን አሳይሻለሁ» ቢላትም አልሰማችውም። ሳምቡሳ ጠበሰች፤ እኔንም አስከተለች፤ አብራት የምትሠራው ሚስኪ በመኪናዋ ወሰደችን። ድንገት ልታስደስተው ነው።

ስንደርስ ሜዳው ላይ መድፍም ምሽግም የለም። ጫፋቸው የሾለ የቆዳ ድንኳኖች ብቻ ተተክለዋል። ደጃፋቸው ላይ ሴቶችና ልጆች ብርድ ልብስ ተከናንበው ተኝተዋል። አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ ይናገራል።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለች ሰአዳ።

ሚስኪ አዳምጣ «ፒተርስበርግ ጠዋት አልቋል አሉ» አለች። «ይሄ ከዚያ ጦርነት በኋላ ነው። ሰማያዊ ለባሾቹ ወደ ምዕራብ ሄደው፣ ዋሺታ በሚባል ወንዝ ዳር ሸያን የሚባሉ የአገሩን ነባር ሰዎች ሲነጋጋ፣ እንደተኙ…»

ሳትጨርስ መለከት ተነፋ። ሰማያዊ ለባሾቹ እየተኮሱ ገቡ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ሮጡ። አንዱ ወታደር ችቦ ይዞ ድንኳን ለኮሰ። ጀርባውን ሰጥቶናል፤ ግን የግራ እጅጌው አጠር ያለ ነው። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ሰአዳ አላጨበጨበችም። ልጅ ሳለች ወሎ፣ መንደራቸው ላይ ወታደር የገባው እንዲሁ ሲነጋጋ ነው። በእናቷ ጀርባ ታዝላ ወጣች፤ አባቷ እዚያው ቀረ። ይህን ለማንም አታወራም። ለሀምዳን ግን አያቱ እንዴት እንደሞቱ ቢጠይቃት ነግራዋለች። እኔም የሰማሁት ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ልንሄድ ስንል ሀምዳን መኪና ማቆሚያው ጋ ሮጦ ደረሰብን፤ ኮቱን እንደለበሰ።

«እማ፣ ሾው ነው እኮ!»

«ፒተርስበርግ አልነበር ያልከኝ?»

«ጠዋት እሱንም ሠርተናል፣ ወላሂ።»

«ይሄንንስ ለምን አልነገርከኝም?»

መሬት መሬት እያየ፣ «ብነግርሽ አትሰፊልኝም ነበር» አለ።

«አዎ፣ አልሰፋልህም ነበር። አውቀህ ነዋ!» የሳምቡሳውን ሳህን አስጨበጠችውና መኪና ውስጥ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ሲደውል አታነሳም። ራሱ በመምጣት ፈንታ ሽማግሌ ላከ። አቶ አሥራትና ሐጂ አህመድ መጥተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

«ሰአዳ፣ ጨዋታ ነው እኮ፤ ልጅ ነው፣ ማሪው» አሉ አቶ አሥራት።

«እርስዎስ ልጅ ነው ሲሉ፣ ጢሙን አላዩትም?» አለች ሻይ እየቀዳች። ሐጂ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። «በጨዋታው አይደለም የተቀየምኩት። የነገርኩትን ቁስል ያውቃል። አውቆ በእጄ አሰፋኝ። አሁን ደግሞ አፉን ለእናንተ ሰጥቶ ይልካል?»

«እንግዲያው ምን እንበለው?»

«ራሱ ይምጣ። እዚህ ቁጭ ብሎ ‹ዋሽቼሻለሁ› ይበለኝ። ከዚያ ልጄ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ወጡ። ሀምዳን ግን እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ሌላ ሽማግሌ እያፈላለገ ነው አሉ። ሰአዳ በኮሪደሩ ኮቴ በሰማች ቁጥር ቀና ትላለች፤ በሬን ገርበብ አድርጌ አያታለሁ።

ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ቀጥሎ የሚለምነው ከእናንተ አንዳችሁን ይሆናል። አደራችሁን፣ እሺ አትበሉት። «ሂድና ራስህ በሩን አንኳኳ» በሉልኝ።