ነቀዝ ያልነካው ሽምብራ

ዳሲቱ ቀኑን ሙሉ አቃቂ ገበያ፣ በዙለይኻ የእህል መደብር በረንዳ ላይ ተቀምጣ እህል ታበጥራለች። የገለባው ብናኝ ቅንድቧ ላይ ስለሚጋገር ፊቷ የሰው ፊት የሚመስለው ማታ ስትታጠብ ብቻ ነው። ዙለይኻ የስልጤ ነጋዴ ናት፤ ምላሷ ይቆርጣል፣ ልቧ ግን ክፉ አይደለም። ከመደብሩ ጀርባ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል ለዳሲቱ የሰጠቻት እሷ ናት።

በዚያች ክፍል ውስጥ ደረቁን ጥግ የያዘው አልጋው ሳይሆን አንድ ጆንያ ሽምብራ ነበር። ኮዬ ፈጬ ላይ ኮንዶሚኒየም ሳይቆም ዳሲቱና ባሏ ከማሳቸው ያነሱት የመጨረሻ ምርት ነው። መሬቱ ተወሰደ። ካሳውን ባሏ ከጓደኞቹ ጋር ጠጥቶ ጨረሰው፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ለዳሲቱ ጆንያው ቀረላት።

ሽምብራን ነቀዝ እንደሚወደው የሚወደው እህል የለም። አንዴ ከገባ ፍሬውን ሁሉ በስቶ ጆንያውን ዱቄት ያደርገዋል። ዙለይኻ ለራሷ እህል የነቀዝ ክኒን ትጨምራለች። ዳሲቱ ግን ከዚያ ክኒን አጠገብ ተኝቶ በማግስቱ ያልነቃ ሰው ቀብራ ስለምታውቅ ክፍሏ አታስገባውም። የእናቷን ዘዴ ነው የያዘችው። ከወንዙ ዳር የብሳናና የግራዋ ቅጠል ትቆርጣለች፤ ፀሐይ ካየ ሽታው ይጠፋል ብላ ጥላ ውስጥ ታደርቀዋለች፤ ወቅጣ ከአመድ ጋር እያደባለቀች ሽምብራው ላይ በየንብብሩ ትነሰንሰዋለች። በዓመት አንዴ ሁሉን ትዘረግፍና መደብሩ ጣሪያ ላይ፣ ትኩሱ ቆርቆሮ ላይ ታሰጣዋለች። ሲበቃው ነፍታ በአዲስ ቅጠል ትመልሰዋለች። ስምንት ዓመት እንዲህ አደረገች። አንድ ክረምት ታማ የምትቀምሰው አጥታ ስትተኛ እንኳ ከጆንያው አንድ እፍኝ አልቆነጠረችም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህን ሽምብራ ልትድሪው ነው?» ትላታለች ዙለይኻ።

«ልዘራው ነው።»

«የት? አስፋልቱ ላይ?»

«እግዜር ቦታ አያጣም።»

«እንግዲያው ለኔ ስጪኝና የዘንድሮ ዘር ልለውጥልሽ። እህል እኮ ያረጃል፣ እንደኔና እንዳንቺ።»

«ያረጃል? ነያ እዪው! አንድ ቀዳዳ ካገኘሽበት ምላሴን ቁረጪው።»

ዙለይኻ በእፍኟ ዘግና አገላበጠች። ቀዳዳ የለውም። «ወላሂ፣ ነቀዙም ፈርቶሻል» ብላ ሳቀችና ወደ ደንበኞቿ ሄደች።

ዳሲቱ ባደገችበት ቤት ሽምብራ ጎተራ ውስጥ ሁለት ክረምት አሳልፎ አያውቅም። ወይ ይዘራል፣ ወይ ይበላል፣ ወይ ነቀዝ ይጨርሰዋል። ዘር የሚመረጠው በዓይን ነበር፤ የተበሳው ለወጥ፣ ያልተበሳው ለመሬት። ያልተበሳ ፍሬ ለእሷ በሕይወት ያለ ፍሬ ነው። ሌላ ነገር ያስተማራት ሰው አልነበረም።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ወዳለው ወደ ባሏ ታናሽ ወንድም ወደ ዱሬሳ ሄደች። እዚያ ገና ያልተነካ የቤተሰብ መሬት አለ፤ የባሏ ድርሻ የሆነችውን ቁራጭ ግን ዱሬሳ ከራሱ ማሳ ጋር ደባልቆ ያርሳታል። ዳሲቱ ሽማግሌዎች አስቀምጣ ያቺን ቁራጭ ጠየቀች።

«አዴ፣ ከተሜ ሆነሽ የለም እንዴ?» አላት ዱሬሳ፣ ሽማግሌዎቹ እንዲስቁ ዞር እያለ። «በባጃጅ ልታርሺያት ነው?»

«እኔ እዚህ ጭቃ ውስጥ ስጎለጉል አንተ አፍንጫህን መጥረግ አታውቅም ነበር።»

ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። ዱሬሳ ያንን አልወደደውም። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረና፣ «መልካም፤ መሬት ለሚዘራበት ሰው ነው። ዘር አላት ወይ?» ብሎ ጠየቀ።

«አለኝ!» አለች ዳሲቱ፤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን ሽምብራ ፈታችው። «የወንድምህ ዘር ነው። እየው፣ ነቀዝ ነክቶታል?»

ዱሬሳ ጥቂት ፍሬዎች አፉ ውስጥ ጣለ። ቀስ ብሎ አኘከ። ዓይኑን ከእሷ ላይ ሳያነሳ ዋጠው።

«አልነካውም» አለ። «እውነቴን ነው፤ እንዲህ የተጠበቀ ሽምብራ አይቼ አላውቅም። እንግዲህ አባቶቼ፣ በሬውንም ማረሻውንም እኔ እሰጣታለሁ። በዚህ ዘር ካበቀለች ቁራጯ የሷ ናት። ካላበቀለች ደግሞ ሁለተኛ ስለ መሬት ደጄን አታንኳኳ። ይኼው ነው።»

ሽማግሌዎቹ ደግነቱን አመሰገኑ። ትልቁ ሽማግሌ፣ «ተስማማሽ ልጄ?» ሲሏት፣ «እርስዎ ምስክሬ ይሁኑ፣ ተስማምቻለሁ» አለች። ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል እንባዋ መጣ።

ጥቁሩ አፈር ዝናቡን ጠጥቶ ከረጋ በኋላ ጆንያውን ከአቃቂ አስመጥታ ዘራች። ጫማዋን አውልቃ ከበሬዎቹ ፊት ፊት እየሄደች በራሷ እጅ በተነችው። የዱሬሳ ሚስት ብዙወርቅ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ታያት ነበር። አንዴ አፏን ከፈተች፤ ባሏ ገላመጣትና ዘጋችው። ዳሲቱ አልጠረጠረችም። በዚያ ቀን በዓለም ላይ ክፉ ሰው ያለ አይመስላትም ነበር።

አቃቂ ተመልሳ በረንዳው ላይ እያበጠረች ታወራ ጀመር። «እሸቱ ሲደርስ አንድ ሸክም ይዤልሽ እመጣለሁ» አለቻት ዙለይኻን። ዙለይኻ በዚያ ቀን አልቀለደችባትም።

ከሁለት እሑዶች በኋላ ሄደች። የዱሬሳ ማሳ በቅሏል፤ ለስላሳ አረንጓዴ ሆኗል። አረንጓዴው የእሷ ቁራጭ ዳር ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ወዲህ ጥቁር አፈር ብቻ ነው። ዳር ዳሩን እየተንበረከከች ቧጠጠች። ሽምብራው አበጥ ብሎ ሻግቷል። ሌላ ቦታ ቆፈረች፣ ያው ነው። መሃል ላይ ጥቂት ቡቃያ አገኘች፤ እሱም ቢጫ ነበር።

ዱሬሳ ትልቁን ሽማግሌ ይዞ መጣ።

«ሞቷል» አላት። «ዘር ስምንት ዓመት አይቀመጥም፣ አዴ። አንቺ ደግሞ በዚያ ላይ በየዓመቱ ቆርቆሮ ላይ ቆላሽው አሉ።»

«ታውቅ ነበር?»

«ሳኝከው አወቅሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ? ነቀዝ ነክቶታል ወይ ነው ያልሽኝ። አልነካውም አልኩ። ዋሸሁ?» ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ዋሽቻለሁ አባቴ?»

ሽማግሌው በዱላቸው አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ። «አልዋሸህም» አሉ። «ቃል ደግሞ ቃል ነው፣ ልጄ። ምን ላድርግ? ፊቴ ነው የተስማማሽው።»

ዳሲቱ እጇ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ልትሄድ ተነሳች።

«ቆይ እንጂ፣ ምሳ ሳትበዪ?» አለ ዱሬሳ። ድምፁ ውስጥ ቂም አልነበረም፤ ጉዳዩ አልቆለታል። «ደግሞ ያንን ቅጠል ለብዙወርቅ ብታሳዪልኝ። ዘንድሮ ጎተራዬን ነቀዝ ፈጀው። ያንቺ መድኃኒት መቼም ይሠራል፤ በዓይናችን አየን።»

እንቢ ማለት ትችል ነበር። ግን ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም፤ እስከ ታክሲው ድረስ መንገዱም ሩቅ ነው። በላች። ከዚያ ብዙወርቅን አስከትላ ወደ ገደሉ አፋፍ፣ ብሳናው ወዳለበት ወረደች።

«ለጋውን ተዪው፣ ጠንከር ያለውን ቁረጪ» አለቻት። «ፀሐይ እንዳያየው።»

«ልነግርሽ ነበር እኮ» አለች ብዙወርቅ ቅጠሉን እየቆረጠች፣ ቀና ሳትል። «ያን ቀን።»

«አውቃለሁ። ቅርንጫፉን ያዢልኝ።»

ከላይ፣ ከማሳው በኩል፣ የዱሬሳ ድምፅ በሬዎቹን ሲነዳ ተሰማ። እርጥበቱ ሳያመልጠው ቁራጯን ገልብጦ ጓያ እየዘራባት ነበር። ዳሲቱ አልዞረችም። እቅፏ እስኪሞላ ቆረጠችና ቅጠሉ በየትኛው ጥላ ሥር እንደሚሰጣ ለማሳየት ወደ ዱሬሳ ቤት ወጣች።