የሎጋው ድምፅ

ጎሳዬ እንግሊዝኛ አያውቅም። ይኼን ደግሞ ከሚስቱ ከሸዋረገጥ በቀር መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ኢሕአዴግ በገባ በሁለተኛው ዓመት የደሬሳ ቪዲዮ ቤት ሲከፈት ማይክሮፎን ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመ፤ የካውቦዮቹን አፍ እያየም በአማርኛ፣ ሲያሻው በኦሮምኛ፣ ከልቡ እያፈለቀ ይናገርላቸው ጀመር። ተመልካቹ ከሁሉም አንዱን ረጅም ተዋናይ ወደደና «ሎጋው» አለው። ሎጋው በመጀመሪያዎቹ ፊልሞቹ ገና ብቅ ሲል በጥይት የሚወድቅ ምስኪን ነበር። ኋላ ሸሪፍ ሆነ፤ ቀስ በቀስም ሸበተ። ጎሳዬም አብሮት አረጀ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰቃ ገጠር ቡና ሊሸጡ የሚመጡ ገበሬዎች ሳይቀሩ እሱን ለመስማት ይጋፉ ነበር።

ማይክሮፎን በያዘ በዘጠነኛው ዓመት የጎሳዬ ድምፅ ሻከረ። ሰዉ ይኼን ይበልጥ ወደደው፤ «አሁን ገና ሎጋው ወንድ ወጣው» ተባለ። ጎሳዬ ጅል አይደለም፤ ግን ጭብጨባ ያላሞኘው ማን አለ? ሸዋረገጥ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ባይ ናት።

«ምራቅህን ስትውጥ ፊትህ ይጨማደዳል። ኧረ ሐኪም ይይህ» ትለዋለች።

«ድኜ እንጀራዬን ላጣ?» ይላታል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ የሎጋው ካሴት መጣ። ለይኩን የሚባል የኮሌጅ ተማሪ የሽፋኑን ጀርባ አነበበ።

«ጋሽ ጎሳዬ፣ እዚህ ፊልም ላይ ድምፁ የራሱ አይደለም። ጉሮሮውን ታሞ ሌላ ሰው ነው የተናገረለት» አለ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በሕይወት የለም። የመጨረሻ ፊልሙ ነው።»

ጎሳዬ ፈራ። ወደ ቤቱ ሄዶ ሸዋረገጥ አጠገብ መቀመጥ አማረው። ነገር ግን አግዳሚዎቹ ሁሉ ሞልተዋል፤ ደሬሳም ካሴቱን ከቶታል።

ሎጋው አፉን ከፈተ። ጎሳዬም ከፈተ፤ ከትንፋሽ በቀር የወጣ ነገር የለም። ሳለ፤ ደግሞ ሞከረ። አፉን የጠረገበት መሐረብ ላይ ደም አየና አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከኋላ ማፏጨት ተጀመረ።

«ማሊ ጎሳዬ? ምን ሆንክ? በል እንጂ» አለ ደሬሳ። ከዚያ ማይክሮፎኑን ከእጁ ወስዶ ለለይኩን ሰጠው።

ለይኩን ቃል በቃል ተረጎመ። ጎሳዬ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሎጋው በእውነት የሚለውን ሰማ። ሽማግሌው ሸሪፍ ለምክትሉ፣ «ሐኪም ዘንድ መሄዴ ለውጥ አያመጣም፤ ዘግይቻለሁ» እያለ ነበር።

ሰዉ አጨበጨበ። ወደ ጎሳዬ የዞረ አልነበረም።