ቀጥ ብሎ የተሰቀለ ባንዲራ

ሴልዊን ኖኤልን በአንስ ኖር መንደር የማያውቀው የለም። ለዕረፍት የመጡ እንግዶች ጀልባውን እየተከራዩት ማርሊን የሚባለውን አፈ ሹል ትልቅ ዓሣ ሊያጠምዱ አብረውት ይወጣሉ። በመላው ግሬናዳ እንደ እሱ አፉን ሞልቶ የሚናገር ካፒቴን ቢፈለግ አይገኝም። “ዓሣው እኮ በስሜ ነው የሚያውቀኝ” ይል ነበር፤ እኛም እየሳቅን እናምነው ነበር። ያመንነው ግን ምላሱን ሳይሆን ባንዲራውን ነው።

ማርሊን የያዘ ጀልባ ሲመለስ ነጭ ዓሣ የተሳለበት ሰማያዊ ባንዲራ ይሰቅላል። ዓሣው ተይዞ ከተለቀቀ ባንዲራው ይገለበጣል፣ የዓሣው ሆድ ወደ ሰማይ ይሆናል። ዓሣው ጀልባው ላይ ካለ ግን ቀጥ ብሎ ይሰቀላል። እንግዳው መቼም ማርሊን ሻንጣው ውስጥ አይከትም፤ ፎቶውን ይዞ ይሄዳል፣ ሥጋው የመንደሩ ነው። ስለዚህ ቀጥ ያለ ባንዲራ ሲታይ ከኮረብታው ላይ ትልቅ የባሕር ዛጎል እንደ መለከት ይነፋል፣ እኛም ሳፋ ሳፋችንን ይዘን እንወርዳለን።

ዛጎሉን የሚነፉት ሽማግሌው ሚስተር ሌስተር ነበሩ። ለሴልዊን ባሕሩን ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። ከሞቱ በኋላ ዛጎሉ ባለቤታቸው፣ ሁላችን ታንቲ፣ አክስቴ እንደ ማለት፣ የምንላቸው አዮኒ መስኮት ላይ ቁጭ አለ፣ ማንም አልነካውም። ባሕሩ በተንሳፋፊ የባሕር አረም ተሸፍኖ ስለከረመ የሚነፋለት ዓሣም አልነበረ። የመታሰቢያቸው ምሳ ሲቃረብ ሴልዊን መጣና፣ “ታንቲ፣ ስለ ዓሣው እንዳያስቡ። ነገ የምይዘው በሙሉ ለእሳቸው ምሳ ነው” አለ።

“አንተ ብቻ በሰላም ተመለስልኝ” አሉት።

እሳቸው አልለመኑትም። የራሱ አፍ ነው ያስገባው።

በማግስቱ ጀልባውን የተከራየው ሚስተር ዶይል የሚባል የካናዳ ጥርስ ሐኪም ነበር። የሆነውን የነገረን የሴልዊን ረዳት ካርላን ነው። ትልቅ ማርሊን መንጠቆውን ነከሰ፤ ዶይል ጀልባው ላይ ባለው የማጥመጃ ወንበር በቀበቶ ታስሮ ላቡ እስኪንጠባጠብ ታገለው። ዓሣው ጀልባው ጎን ደርሶ ካርላን ክሩን በእጁ እንደጨበጠ መንጠቆው ተነቀለ፣ ዓሣውም ወደ ጥልቁ ሄደ። በጨዋታው ሕግ ረዳቱ ክሩን ከያዘ ተይዞ እንደተለቀቀ ይቆጠራል። ሴልዊንም በሕጉ መሠረት ባንዲራውን ገልብጦ ሰቀለ። እስከዚህ ድረስ የሚያሳፍር ነገር የለም።

ዶይል ግን ቀና ብሎ አየና ፊቱ ጠቆረ። “ካፒቴን፣ ይሄ ለምን ተገለበጠ? የተሸነፍኩ አስመሰለብኝ እኮ!”

“ዓሣው ሄዷል ማለት ነው።”

“እሱንማ አየሁት! ለፎቶ ብቻ አቃናልኝ። እዚህ ባሕር መሃል ማን ያየናል? ሆቴል ስመለስ ካፒቴን ማለት እሱ ነው ብዬ ነው የማወራልህ።”

“ካፒቴን፣ ተው” አለ ካርላን።

“አንተ ደግሞ! ከመንደሩ የሚጋርደንን የኮረብታ ጫፍ ሳንዞር አወርደዋለሁ።”

አቃናው። ዶይል ፎቶ ተነሣ። ቀጥሎ “አንተም ና” ብሎ ሴልዊንን አቀፈው። ሴልዊን ደረቱን ነፋ፤ የዓሣውን ርዝመት በእጁ ማሳየት ጀመረ፤ በየፎቶው ዓሣው እያደገ ሄደ። ቢራ ተከፈተ። በሳቅና በወሬ መሃል ጀልባው ጫፉን ዞረ። ሴልዊን የባንዲራው ነገር ትዝ ያለው ዛጎሉን ሲሰማ ነው።

ታንቲ አዮኒ በባላቸው አቅርቦ ማሳያ መነጽር አይተውት ኖሯል። እኔ ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ ድምፁን ስሰማ ሚስተር ሌስተር የተነሡ መስሎኝ ደነገጥኩ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ትንፋሽ እያጠራቸው ደጋግመው ነፉት። የልብሱን ውኃ ደፍቼ ሳፋዬን ይዤ ሮጥኩ።

“ሸርል፣ ያን የሚያክል ሳፋ ምን ሊያደርግልሽ ነው? ልትዋኚበት ነው?” አለኝ አንዱ።

“ያንተ ቅናት ነው! ጭንቅላቱን ለእኔ፣ ቀድሜ ተናግሬያለሁ።”

ጀልባው ቀረበ። ባንዲራው እንደተሰቀለ ነው፤ ያን ሁሉ ሰው ካየ በኋላ ማውረዱም ጨነቀው። ታንቲ አዮኒ ጥቁር ቀሚሳቸው ላይ ሽርጥ አስረው፣ ሎሚና ቢላዋ ይዘው ከሁላችን ፊት ቆመዋል። ዶይል ሰው ሁሉ ለእሱ የወጣ መስሎት እጁን እያውለበለበ ወረደ።

“የታለ፣ ልጄ?” አሉ ታንቲ።

ሴልዊን ኮፍያውን አወለቀ። “የለም፣ ታንቲ።”

“ምኑ ነው የሌለው?”

“ዓሣው። አመለጠን።”

ባንዲራውን አዩት። “ታዲያ ያ ምንድን ነው?”

“ለፎቶ ነው።”

ቢቆጡት ይሻለው ነበር። “እኔ እኮ ነፋሁት” አሉ ቀስ ብለው። “በሌስተር ዛጎል ሰው ጠራሁ።” ከዚያ ሎሚያቸውን ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተው ኮረብታውን መውጣት ጀመሩ። ሴልዊን መሬት ብትውጠው በወደደ። እኔም የሰረቅኩ ይመስል ሳፋዬን ከኋላዬ ደበቅኩ። ያጠፋው እሱ፣ ያፈርነው ሁላችን።

የመታሰቢያው ምሳ የዳቦ ፍሬ የሚባለው የዛፍ ፍሬና የጎደሬ ቅጠል በኮኮናት ወተት ብቻ ሆነ። ሴልዊን ቀረ ብለን ስናማው ጓሮ እንጨት ሲፈልጥ ተገኘ። ግባና ብላ ቢሉት እሺ አላለም፤ እንግዳው ሁሉ እስኪሄድ ፈለጠ።

አረሙ ሲጠራ እውነተኛ ማርሊን ይዞ መጣ። ባንዲራው ቀጥ ብሏል። ከየመስኮታችን አየነው፣ ማንም አልወረደም። ታንቲ አዮኒ ብቻቸውን፣ ዛጎሉን ይዘው፣ ያንን የሚያማቸውን ጉልበት እየጎተቱ ወረዱ።

“ግለጠው” አሉት።

ሴልዊን እርጥቡን ጆንያ ገለጠ። ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ዓሣው ላይ አሳረፉ፣ ጫን ጫን አደረጉት። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና ዛጎሉን አንሥተው ነፉ። ያኔ ወረድን።

ይኸው እስከ ዛሬም ሳይነኩ አይነፉም። ሴልዊንም ማንም ሳይጠይቀው ጆንያውን ይገልጥና፣ መዳፋቸው ከዓሣው ላይ እስኪነሣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ይቆማል።