እስክድን የተፈረደልኝ ፈረስ

ይህን ነገር ለእናቴ እንኳን ነግሬያት አላውቅም።

ግምጃ ቤት በምትባል ከተማ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ በገበያ ቀን አንድ ፈረስ ደንብሮ ገፍትሮ ጣለኝና እግሬ ተሰበረ። ካሳ ለመጠየቅ ክስ ልመሠርት ስዘጋጅ፣ የፈረሱ ባለቤት የሆነው ወጣት ገበሬ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ የሕክምናዬን ወጪ ካስከፈሉት በኋላ አንድ ነገር ጨመሩበት፤ ጄሶው ከተፈታ ጀምሮ በደንብ እስክራመድ ድረስ፣ በዚያው ፈረስ ትምህርት ቤት ያመላልሰኝ ተባለ።

መጀመሪያ በፍርሃት፣ ቀጥሎ በእፍረት ተቀመጥኩበት። ልጁ ልጓሙን ይዞ ከፊት እየሄደ ለፈረሱ በአገውኛ ያወራለታል።

"ምን እያልከው ነው?" አልኩት አንድ ቀን።

"መምህርቷን ቀስ አድርገህ ውሰዳቸው፣ ዕዳችን ናቸው እያልኩት ነው።"

ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

እግሬ ዳነ። እኔ ግን ፈረሱን ሳይ ማነከሴን አልተውኩም። አንድ ቀን ከሰዓት ዝናብ ሲመጣ በሩጫ ቦዩን ዘልዬ ቀና ስል፣ ልጁ ፈረሱን ይዞ ቆሞ ያየኛል።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መጡ።

"መምህርት፣ እግርሽ እንዴት ነው? ከዳንሽ ልጁን እናሰናብተው፤ እርሻውም እየጠበቀው ነው" አሉኝ።

ሽማግሌ ፊት መዋሸት እንዴት ይቻላል? እውነቱንም መናገር አልፈለግኩም። አንገቴን ደፍቼ ቀረሁ።

"ኧረ አልዳኑም፣ አባቶቼ" አለ ልጁ፣ ዓይኑን ከፈረሱ ሳይነቅል። "በየቀኑ የማያቸው እኔ ነኝ። ገና ብዙ ይቀራቸዋል።"