ሙያ የላትም ተብዬ የተጨመረልኝ ደመወዝ

ስደት ሲወራ በሌሊት መጥፋት አለበት፤ እኔ ግን ከአሰበ ተፈሪ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ለቀበሌው «ሚኤሶ ወርጄ ማሽላ ልገዛ ነው» ብዬ ባዶ ጆንያ ይዤ ጭነት መኪና ላይ ወጣሁ፤ ከሚኤሶ በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያ ጅቡቲ።

የጅቡቲን ሙቀት ምን ብዬ ልንገራችሁ። ያ ሁሌ የምናማርረው የአሰበ ተፈሪ ብርድ እዚህ በገንዘብ ቢሸጥ የመጀመሪያዋ ገዢ እኔ ነኝ። ዳቦውን ባጌት ይሉታል፤ ጠዋት ይጥማል፣ ማታ እንጨት ነው።

ሥራ ያስገባችኝ የሂርናዋ ከድጃ ናት። ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች፤ እኔንም አጠገቧ አቆመችኝ፣ ቤቷም አስጠጋችኝ። የሥራ ወረቀት ልናወጣ አብረን ሄድን። ጸሐፊው ድሬዳዋ የኖረ ነው፣ አማርኛ ይችላል።

«ሙያ?» አለኝ።

«ወጥ እሠራለሁ፣ ጥጥ እፈትላለሁ፣ ድፎ ዳቦ እደፋለሁ።»

«የምስክር ወረቀት አለሽ?»

«የድፎ ዳቦ?»

«እንግዲያው ሙያ የላትም» ብሎ ጻፈ። በእኛ አገር እንዲህ የተባለችን ሴት ባሏ ወደ አባቷ ቤት ይመልሳታል። ለከድጃም እንደዚሁ ጻፈላት፤ እሷ ሳቀች።

በዚያው ሰሞን ሙያ ለሌላቸው ሠራተኞች ዝቅተኛው ደመወዝ ይጨመር አይጨመር የሚል ክርክር በራዲዮ ተነሣ። ሙሴ የምንለው ፈረንጁ የሆቴሉ ባለቤት «ከተጨመረ ከሁለቱ አጣቢዎች አንዷን አሰናብታለሁ» አለ። እኔ ፈርቼ «ባይጨመርስ ምን አለበት?» አልኳት ከድጃን።

«አቦ ተይኝ» አለች። «የሁለታችን ደመወዝ ተደምሮ የአንድ ሰው አይሆን። እንድንፈራ ብሎ ነው እንጂ አንሶላውን ራሱ ሊያጥበው ነው?»

እውነቷን መሰለኝ። ደመወዙ ተጨመረ።

ሙሴ ሁለታችንን ጠርቶ፣ ዘበኛውን እያስተረጎመ፣ «ከማጠብ ሌላ የምትችል ማን ናት?» አለ። እንዳይመርጥ ብለን ሁለታችንም ማጠብ ብቻ እንችላለን ልንል ተስማምተን ነበር የገባነው። እኔ «ወጥ ቤትም እገባለሁ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ ብል ውሸት ነው፣ አስቤበት ነው ያልኩት። ያሰናበተው ከድጃን ነው፤ እሷ ግን አልተቆጣችም። የጀመርነውን አንሶላ ጫፉን ይዛ አብራኝ ጨምቃ ሄደች። እኔም ከቤቷ ወጣሁ፤ ምን ፊት ይዤ ልግባ።

አሁን የሁለት ሰው ሥራ እሠራለሁ፣ ደክሞኛል። ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይጨመቅም፤ አንዱን ጫፍ ከብረት አስሬ እጠመዝዛለሁ።

ባለፈው እሑድ እናቴን በቀጠሮ በስልክ አገኘኋት።

«ተጨመረልሽ አሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያቺ ያስጠጋችሽ ልጅስ? አቅርቢያት እስቲ፣ ላመስግናት።»

«ሥራ ላይ ናት፣ እማዬ» አልኳት።