የማይወዛወዝ ሣር

ሰውየው ከሉዊዚያና ረግረግ ያጨደውን ሣር በእቅፍ በእቅፍ ያነሳል፤ ጫፉን ያስተካክልና በጀልባው ዙሪያ በቆመው ሽቦ ላይ ከታችም ከላይም ጥብቅ አድርጎ ያስራል። ትርፉን ገመድ በጥርሱ ይበጥሳል። እስከ ደረቱ የሚደርሰው የጎማ ሱሪው ገና አልደረቀም።

«ጋሼ፣ ዛሬም ዳክዬ አማረዎት?» አለው የጀልባ ማቆሚያው ቤንዚን ቀጂ።

«ወንድሜ ትናንት ለአደን እንደወጣ አልተመለሰም። የልብ ሕመምተኛ ነው። የእሱንም ጀልባ ዳክዬ እንዳይሸሸው እንዲህ በሣር የሸፈንኩለት እኔ ነኝ፤ ፈላጊዎቹ በአጠገቡ ሲያልፉ ሣር ይመስላቸዋል።»

ቀጂው ቆቡን አወለቀ። ሰውየው ግን እጁን አላሳረፈም፤ የወንድሙ ጀልባ ምን እንደሚመስል ለፈላጊዎቹ የሚያሳይበትን ይህን ጀልባ ሳይመሽ መጨረስ አለበት። ወደ ረግረጉ ለሚገባ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ «እባካችሁ፣ ነፋስ ሲነፍስ የማይወዛወዝ ሣር ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ‹ክሌዎፋ› ብላችሁ ወንድሜን ጥሩልኝ።»