ቁስሉ እጅ የቀየረበት ሰው

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና "አባባ፣ እየው እየው!" አለችኝ። የአክሽን ፊልሞችን ስህተት እየለቀመ የሚያሳይ ቪዲዮ ነው። አንዱ ጀግና ወንዝ ውስጥ ዘሎ ይገባና በደረቅ ሸሚዝ ይወጣል፤ የሌላው መኪና መስታወት ተሰብሮ ወዲያው ድኖ ይገኛል። እሷ በሳቅ ስትፈርስ እኔ ጓደኛዬን መርክነህን አስታወስኩት።

በወጣትነቴ ሶዶ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ማለት ቪዲዮ ቤት ማለት ነበር። ክረምት ላይ ከዳሞታ ተራራ በኩል የሚመጣው ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የፊልሙ ድምፅ አይሰማም፤ ቢሰማም እንግሊዝኛውን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ መርክነህ ማይክ ይዞ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆምና አማርኛና ወላይትኛ እየቀላቀለ ይተረጉምልናል። ተርጓሚ ይባል እንጂ እንግሊዝኛው ከእኔም ያነሰ ነበር። ግን ምን አለፋችሁ፣ ወሬ ያውቅበታል!

እኔ ደግሞ ስህተት ለቃሚ ነበርኩ። ትኩስ ስኳር ድንቼን እየላጥኩ ጥይት እቆጥራለሁ። "በስድስት ጥይት ሃያ ጊዜ ተኮሰ እኮ!" ስለው መርክነህ በማይኩ "እናንተ ስኳር ድንች ስትልጡ ነው ሽጉጡን ያጎረሰው!" ይላል። ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። ስህተቱን ያየሁት እኔ፣ የሚጨበጨበው ለእሱ። ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን ይበላኝ ነበር።

እኛ ዘንድ ሰው ሲተዋወቅ ጎሳ መጠያየቁ አይቀርም፤ መርክነህም ለእያንዳንዱ ተዋናይ ጎሳ ያድል ነበር። ጎሳ በአባት ነው የሚቆጠረው፤ የአንድ ጎሳ ልጆች እንደ እህትና ወንድም ስለሆኑ አይጋቡም። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ለጀግናው ጎሳ ሰጠው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ረስቶት ለልጅቷም ያንኑ ሰጣት። ሁለቱ ሊሳሳሙ ሲጠጋጉ ጠብቄ ጮህኩ።

"መርክነህ! ሁለቱም አንድ ጎሳ ናቸው ብለኸናል!"

ሃያውን ጥይት ያለምንም ጥያቄ የዋጠ ሕዝብ ይህችን መዋጥ አቃተው። አንድ ሽማግሌ ጃንጥላቸውን ይዘው ተነሡ። "እህቱን ሊስም ነው እንዴ? ነውር ነው!" የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ፊልሙን አቆመና እጁን ዘረጋ። "ማይኩን አምጣ። ከዛሬ ጀምሮ በቃህ።"

መርክነህ ማይኩን እንደያዘ አየኝ። ከሰባተኛ ክፍል ትምህርት ያቋረጠ ልጅ ነው፤ ሰው ዞር ብሎ የሚያዳምጠው በዚያ ማይክ ብቻ ነበር። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ዓይኑን ሸሽቼ የቆመውን ምስል ሳይ የጀግናው ፋሻ ቀኝ ክንዱ ላይ ነው። ቅድም የተመታው ግራውን ነበር።

"ቆይ!" አልኩ። "ይሄ ሌላ ሰው ነው! ያኛው የቆሰለው ግራ እጁን ነው!"

መርክነህ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

"ወንድሙ ነዋ!" አለ በማይኩ። "በእናት ብቻ ነው የሚገናኙት። አባታቸው ሌላ፣ ጎሳቸውም ሌላ። መልካቸው መመሳሰሉን አታዩም?"

ሽማግሌው ምስሉን ትክ ብለው አዩት፤ ክንዱንም ፊቱንም። ከዚያ "እንደሱ ከሆነ ያግባት" ብለው ተቀመጡ። ጭብጨባው ዝናቡን አስረሳ፤ ባለቤቱም እየሳቀ እጁን ሰበሰበ።

በዚያ ቀይ ጭቃ ወደ ቤት ስንመለስ መርክነህ ስኳር ድንቹን ለሁለት ገምሶ ትልቁን ሰጠኝ። ለምን እንደጮህኩ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።

እሑድ ዕለት የልጅ ልጄ ስልኳን እንድትሰጠኝ ጠየቅኳትና ወደ አረካ ደወልኩ። መርክነህ አሁን እዚያ ልጆቹ ዘንድ ነው፤ ድምፁ ቢሻክርም ያው ነው። ሰላምታውን ሳልጨርስ "ያን ቅዳሜ የጮህኩት ቀንቼብህ ነው። ይቅር በለኝ" አልኩት።



"ታዴ" አለኝ፣ "የጮኸው አንተ አይደለህም። በእናት የሚገናኝህ ወንድምህ ነው።"